ከረሜላ በዳዊት ማኅደር

ደሴ፣ ኅዳር 29 ቀን 1930 ዓ.ም.

ይድረስ ለወንድሜ ለሀምዱ፣ ኮምቦልቻ፤

ረመዳንን በደህና ጨረስክ ወይ? ባለቤትህ ጣይባስ በዓሉን እንዴት ዋለች? እኛ ጾመ ነቢያትን ከያዝን ሰነባበትን፤ እግዚአብሔር ይመስገን ቤቱም ሰዉም ደህና ነው። ባለቤቴ የኔነሽ እጅ ነስታለች።

የሰደድክልኝን ከረጢት ሾፌሩ ሰፈራችን ሆጤ ድረስ አምጥቶ ሰጥቶናል። ከረሜላው ጣፈጠህ ወይ ብለህ መጠየቅህ ግን ገርሞኛል። አንድ እናት ነች የወለደችን። የእናታችንን የማር ማሰሮ በጣታችን ስንዳስስ የተያዝነው ሁለታችንም ነን። አባትህ ወደ መስጊድ፣ አባቴ ወደ ቤተ ክርስቲያን ወሰዱን እንጂ ምላሳችንን ማንም አልለየውም። ወተት የሌለበትን ጠይቀህ መርጠህ መላክህን ሳይ፣ እናታችን ወለተ ማርያም ያሳደገችው ልጅ መሆንህን አወቅሁ። የጾም ነው። ማታ ከራት በኋላ አንዷን በጉንጬ ይዤ ዳዊቴን እደግማለሁ፤ ሳትሟሟ ብዙ መዝሙር ታስኬዳለች።

የደብራችንን ሽማግሌ ቄስ መምሬ እንየውን ቅመሱ ብላቸው «እኔ የሚላስ ነገር ሳልለምድ ጥርሴ አለቀ፤ አሁን ምን ቤት ነኝ» ብለው መለሱኝ።

ወደ ኮምቦልቻ ለምን አትወርድም ላልከው፣ ልብ ጠፍቶ አይደለም። ለቅዳሴ ሁለት ቄስ፣ ሦስት ዲያቆን ያስፈልጋል። ዲያቆናቱ አሉ። ከቄሶቹ አንዱ ከማይጨው አልተመለሰም። ቄስ ደምመላሽ ደግሞ ጣሊያን ከገባ ወዲህ አልቀድስም ብለው ገራዶ እርሻቸው ላይ ተቀምጠዋል። የቀረነው መምሬ እንየውና እኔ ብቻ ነን። እኔ አንድ ቀን ከጎደልኩ ቅዳሴው ይታጎላል። መምሬ እንየው በዚህ ደብር ማገልገል ከጀመሩ ወዲህ ታጉሎ አያውቅም፤ በእኔ ምክንያት እንዳይሆን እፈራለሁ።

ወንድምህ ሞላልኝ

ኮምቦልቻ፣ ጥር 20 ቀን 1930 ዓ.ም.

ይድረስ ለተከበሩ ወንድሜ ለመምሬ ሞላልኝ፣ ደሴ፤

አላህ ሰላሙን በቤትዎ ላይ ያውርደው። የፊደሌን ጠማማነት እንደ ወትሮው ይለፉኝ፤ ያስተማሩኝ እርስዎ ስለሆኑ ከጥፋቱ ግማሹ የእርስዎ ነው።

ባለፈው «ቀዝቃዛ ውሃ ስጠጣ መንጋጋዬን ይወጋኛል፤ የደሴ ብርድ ይሆናል» ያሉትን ለጣይባ አነበብኩላት። «የደሴ ብርድ አንድ ጥርስ መርጦ ነው እንዴ የሚመታው?» አለች። ወንድምዓለም፣ ቀዳዳ እንዳለው በመስተዋት አይተውታል ወይ? እስኪ በምላስዎ ይዳስሱት። ቅርንፉድ ልኬያለሁ፤ ሲያምዎ በጥርስዎ ነክሰው ይያዙት፤ ሕመሙን ያስታግሳል እንጂ ቀዳዳውን አይደፍንም።

ከረሜላውንም እንደጠየቁኝ ልኬያለሁ። ስልከው ግን እጄ ከብዶኛል። ያለፈው ከረጢት እስከ ሁዳዴ ያደርሳል ብዬ ነበር፤ ገና በጥምቀት አለቀብኝ ብለው ጻፉልኝ። የኔነሽ ረድታዎት ይሆናል ብዬ ራሴን አጽናናሁ።

ታናሽ ወንድምዎ ሀምዱ

ደሴ፣ የካቲት 29 ቀን 1930 ዓ.ም.

ይድረስ ለወንድሜ ለሀምዱ፤

እንደምን ከርመሃል? ሁዳዴ ከገባ ሳምንት አለፈን። ደብዳቤህን ሳልመልስ በመዘግየቴ ይቅር በለኝ፤ በየቀኑ ስለምንቀድስ ከመቅደስ የምንወጣው ፀሐይ ካዘቀዘቀች በኋላ ነው።

የኔነሽ ረድታህ እንደሆን ላልከው፣ አልረዳችኝም። ባለፈው ዳዊቴን ልትወለውል ከማኅደሩ ስታወጣው የከረሜላ ወረቀት ረገፈ። ሰብስባ ትራሴ ላይ አኖረችልኝና ወጣች። ብትቆጣኝ ይሻለኝ ነበር።

መንጋጋዬ አዎ፣ ቀዳዳ አለው። ሰዉ ትል ነው የሚበላው ይላል። በሁለተኛው ደብዳቤህ መፋቂያ ለምን አትይዝም ብለህ በጥብቅ ስለጠየቅኸኝ እውነቱን ልንገርህ። ሌሊቱ ከገፋ በኋላ ለሚቀድስ ሰው ውሃ አይቀመስም፤ ልጉመጥመጥ ቢል እንኳ ጠብታ ወደ ጉሮሮው ታመልጠዋለች ተብሎ ይፈራል። ከቆረብን በኋላ ደግሞ ምራቅ አይተፋም፤ መፋቂያም አይነካም። ከሁሉ የሚብሰው ድዴ ነው። መፋቂያ ሲነካው ይደማል፤ ደም የሚፈስሰው ሰው ደግሞ ወደ መቅደስ አይገባም። እንዳይደማብኝ ብዬ ከገና ጀምሮ መፋቂያዬን ሰቅየዋለሁ። ለታቦቱ ብዬ ነው። ጥርሴ ቢታመም ለእግዚአብሔር የከፈልኩት ነው ብዬ ችየዋለሁ።

ሞላልኝ

ኮምቦልቻ፣ መጋቢት 8 ቀን 1930 ዓ.ም.

ይድረስ ለወንድሜ ለመምሬ ሞላልኝ፤

እንዴት ሰነበቱ? እኛ አልሐምዱሊላህ ደህና ነን። የዛሬው ደብዳቤ ድፍረት አለበት፤ ሲያነቡት የታናሽነቴን ያህል ይታገሱኝ።

ትሉን እንተወውና እስኪ እርስዎንና እኔን እናስተያይ። በጣፋጭ የምበልጠው እኔ ነኝ። ሻይ ያለ ስኳር አልጠጣም፤ ተምር ካገኘሁ አልምረውም። ጥርሴ ግን አንድም አልጎደለም። ለምን እንደሆነ ስብሰለሰል ሰነበትኩ። እኔ ለሶላት በተነሳሁ ቁጥር አፌን እጉመጠመጣለሁ፤ መፋቂያዬ ሲዋክም ከኪሴ አይጠፋም። ጣፋጩ ቢገባም የሚያድርበት ቦታ የለውም። እርስዎ ግን በጉንጭዎ ይዘውት ያመሻሉ፤ እንደያዙት እንቅልፍ ይወስድዎታል። ሲነሱ ውሃ የለም፤ ቆርበው ሲወጡ መፋቂያ የለም። በሁዳዴ ደግሞ ይህ በየቀኑ ነው። እንግዳውን አስገብተው በሩን ከውጭ ቆልፈውበታል።

ድዴ ይደማል ላሉትም፣ ወላሂ ሳይፋቅ የከረመ ድድ ነው የሚደማው። እኛም እኮ ረመዳን አለብን። ሌሊት በልቼ አዛን ሳይባል በፊት አፌን አጥቤና ፍቄ ነው የምይዘው። ሰዓቱ ይዘጋል፤ ግን ቤቱ ተጠርጎ ነው የሚዘጋው።

ከረሜላውን ይተዉት አልልም፤ ብልም አይሰሙኝም፤ ራሴን አውቃለሁና። ከራት ጋር በአንድ ጊዜ ይብሉትና ይጨርሱት። ከዳዊቱ ጋር አያጣምሩት። ከዚያ ውሃ፣ ከዚያ መፋቂያ፣ ከዚያ ሰዓቱ ይዘጋ። የወይራ መፋቂያ ልኬያለሁ፤ ጫፉን አላልተው ድድዎን ቀስ አድርገው ያልምዱት።

«ደም ሲመጣ እናንተ ምን ታደርጋላችሁ?» ብለው ጠይቀውኝ ነበር። ሼኾቻችን ደም ምራቅን ካሸነፈ ውዱእ፣ የሶላቱ ትጥበት፣ ይፈርሳል ይላሉ፤ ታጥበን እናድሰውና እንሰግዳለን። እርስዎ ምን እንደሚያድሱ ግን አላውቅም፤ ስለዚህ ነው የምፈራልዎት።

ሀምዱ

ደሴ፣ መጋቢት 27 ቀን 1930 ዓ.ም.

ይድረስ ለወንድሜ ለሀምዱ፤

እግዚአብሔር ይስጥህ። ያልከኝን አደረግሁ። የዳዊቴ ማኅደር ባዶ ነው። በመጀመሪያዎቹ ቀናት ድዴ ደማ፤ ማታ ስለሆነ እስኪነጋ ይደርቅልኝ ነበር። አሁን ስፍቀው አይደማም። እድሜዬን ሙሉ ዳዊት ስደግም ይህ ለምን እንዳልታየኝ እንጃ። የኔነሽ መፋቂያውን ይዤ ደጅ ስቆም ታየኝና ፊቷን ታዞራለች፤ የምትስቅ ይመስለኛል።

ግን ሳይደርቅ በእርጥቡ፣ ሳይርቅ በቅርቡ ይባላል፤ ለመንጋጋዬ ዘግይቼበታለሁ። ጉንጬ አብጧል። ትኩሳትም አለኝ። ባለፈው ማክሰኞ ከቅዳሴ ስንወጣ ምራቄ ደም ደም አለኝ። ከመቅደስ ሳለሁ የጀመረ ይሁን ከወጣሁ በኋላ አላውቅም። አላውቅም ስልህ እውነቴን ነው፤ ራሴን ስጠይቅ አደርኩ እንጂ።

ጣሊያን ሐኪም ዘንድ ሂድ ብለህ በሾፌሩ ላስነገርከው፣ በማንም ጉጠት ቢነቀል ደም ያው ደም ነው። አስነቅዬው ብተኛ እስኪደርቅ ማን ይቆማል? ለመምሬ እንየው አልነገርኳቸውም። ከነገርኳቸው አትግባ ይሉኛል፤ እኔ ካልገባሁ በሁዳዴ የደብሩ በር ይዘጋል። ካልነገርኳቸው ደግሞ አንድ ቀን ደም በአፌ ይዤ እገባለሁ። ሀምዱ፣ ሁለቱም አስፈርቶኛል። ነገሩን ለማንም አታንሳ።

ሞላልኝ

ኮምቦልቻ፣ ሚያዝያ 2 ቀን 1930 ዓ.ም.

ይድረስ ለወንድሜ ለመምሬ ሞላልኝ፤

ሰላም ለእርስዎ ይሁን። ደብዳቤዎን ሳነብ ጣይባ ፊቴን አይታ ማን ሞተ አለችኝ። ማንም አልሞተም አልኳት። እንዳይሞትም ነው ይህን የምጽፈው።

ልጅ ሳለሁ ፋሲካችሁ ሲቃረብ አንድ ሰሞን እናታችን እንድስማት አትፈቅድልኝም ነበር። ከቁርአን ቤት ሮጬ መጥቼ ልስማት ስል እጄን ይዛ ትመልሰኛለች። «ሕማማት ነው ልጄ፤ በዚህ ሳምንት ሰላምታም መሳሳምም የለም» ትለኛለች። ተቀይሜ አለቅስ ነበር። ያን ጊዜ ነው አስቀምጣ የነገረችኝ። ሰኞ፣ ማክሰኞና ረቡዕ ቅዳሴ እንኳ የለም፤ ሰው ሁሉ ይሰግዳል እንጂ አለችኝ። ተሳስቼ እንደሆን ያርሙኝ።

ካልተሳሳትኩ ፈጣሪ ሦስት ቀን ትቶልዎታል። የሆሳዕና ማግስት፣ ሰኞ ማለዳ፣ በካሚዮን ይውረዱ። ሰይድ ጥርስ ነቃዩን አናግሬዋለሁ፤ እጁ ቀላል ነው፤ ጉጠቱንም ሳይቀቅል አይነካም። ማክሰኞ ይመለሳሉ፤ ሐሙስ ይቀድሳሉ። ጣት ገማ ተብሎ አይቆረጥም፤ የገማ ጥርስ ግን ራስን ይዞ ይሄዳል። እስከዚያ በሰዓትዎ በለብታ ውሃ ጨው በጥብጠው ይጉመጥመጡ። ትኩሳቱ ከባሰ ግን ሕማማትን አይጠብቁ። ታቦቱ የእርስዎ ነው፤ ወንድምነቱ ግን የእኔ ነው።

ሀምዱ

ደሴ፣ ሚያዝያ 12 ቀን 1930 ዓ.ም.፣ ረቡዕ

ይድረስ ለሀምዱ፤

ሰላምታ የሌለው ደብዳቤ ነው፤ ምክንያቱን ታውቃለህ። ቤትህ አድሬ ስወጣ ሳንሳሳም መለያየታችን እስካሁን ይከነክነኛል።

ትናንት ደሴ ስደርስ ደሙ ቆሞ፣ ትኩሳቱም ለቆኝ ነበር። ምስጋናዬን ለሰይድ ንገርልኝ። ዛሬ ከማለዳ ጀምሮ ከሕዝቡ ጋር ስግደት ቆምኩ። ቄስ በሕማማት ቆሞ ሲያይ አይውልም። ግንባሬን መሬት ባስነካሁ ቁጥር የጥርሴ ሥፍራ ይመታ ነበር፤ ቻልኩት። ቀትር ላይ ቀና ስል ጋቢዬ ላይ ደም አየሁ። ጠብታ አይደለም።

ለመምሬ እንየው ነገርኳቸው። ስለ ጥርሱ፣ ከቅዳሴ ስወጣ ደም ስለቀመስኩበት ማክሰኞ፣ ስለ ከረሜላው፣ ስለ ዳዊቱ ማኅደርም ጭምር ነገርኳቸው። ሰምተው ሲያበቁ «ሐሙስ አንቀድስም» አሉ። ቀጥለውም እንዲህ አሉኝ። «የትንሣኤውን ግን አንተውም። ሂድና ጋደም በል፤ እስከ ቅዳሜ ማታ እንዳትሰግድ። ያንተን ስግደት እኔ እሰግደዋለሁ።» ጉልበታቸው ከአምና ወዲህ አይታጠፍላቸውም። እንቢ ብላቸው «በቁርባን ጊዜ ጎኔ የሚቆም ሰው ነው የምፈልገው እንጂ የሚከራከረኝ አይደለም» አሉኝ።

ተኝቼ ነው የምጽፍልህ። በመስኮቱ የሕዝቡ ኪርያላይሶን ይሰማኛል።

ሞላልኝ

ኮምቦልቻ፣ ሚያዝያ 13 ቀን 1930 ዓ.ም.

ይድረስ ለመምሬ ሞላልኝ፤

እኔም ሰላምታ አልጻፍኩም፤ የእናታችንን ሕግ ልጠብቅ።

ሰይድን ጠየቅሁት። ጥርሱን አዲስ የተነቀለ ሰው ጎንበስ ካለ ደሙ ወደ ቁስሉ ይወርዳል አለኝ። ለምን አልነገርከውም ስለው «ሙስሊም ቢሆን ሶላትህን ተቀምጠህ ስገድ እለው ነበር፤ ቄስ ነው፤ ሕጉን ያውቃል ብዬ አፈርኩ» አለ። እኔስ ብሆን? ሰው ሁሉ ይሰግዳል ብዬ በራሴ እጅ ጽፌልዎት፣ እርስዎም እንደሚሰግዱ ሳላስብ ቀረሁ። ሦስቱን ቀን ስቆጥርልዎት ብልህ የሆንኩ መስሎኝ ነበር።

ንጹሕ ጨርቅ አጣጥፈው ቁስሉ ላይ ነክሰው ይያዙ። ትራስዎን ከፍ ያድርጉ። ዛሬና ነገ አፍዎን አይጉመጥመጡ፤ የረጋውን ያስለቅቀዋል። መፋቂያውንም በሌላው በኩል ብቻ ያድርጉ። ትንሣኤ አልፎ ወሬዎን እስክሰማ ድረስ ከደሴ የሚወርዱትን ሾፌሮች መንገድ ላይ ቆሜ እጠይቃለሁ። መምሬ እንየውን አላህ ጉልበታቸውን ያጽናላቸው፤ ሌላ የምለው የለኝም።

ሀምዱ

ደሴ፣ ግንቦት 17 ቀን 1930 ዓ.ም.

ይድረስ ለምወድህ ወንድሜ ለሀምዱ፤

እንደምን አለህ? ጣይባስ እንደምን አለች? በሕማማት ያስቀረሁብህን ሰላምታ ሁሉ ዛሬ አንድ ላይ ልኬልሃለሁ፤ በደብዳቤ መሳም ቢቻል ኖሮ ጉንጭህን እስምህ ነበር። ሁለት ደብዳቤ ጽፈህልኝ ዝም አልኩህ። ለሾፌሮቹም ደህና ነው በሉት ከማለት በቀር አልጨመርኩም። አትቀየመኝ፤ የምጽፈው ነገር እስኪለይለት እየጠበቅሁ ነው።

የሐሙስ ቅዳሴ ታጎለ። ደወሉ አልተደወለም። ሰዉ እንደ ልማዱ መጥቶ ቅጥር ግቢው ውስጥ ቆየና ተመለሰ። እኔ ከቤቴ ሆኜ የእግሩን ኮቴ ሰማሁ። ያን ቀን ከሞት ቆጥሬዋለሁ።

ቅዳሜ ማታ ምራቄ ነጣ። መምሬ እንየው ኩራዝ አስይዘው አፌን ከፍተው አዩና «ና» አሉኝ። ገባን። የትንሣኤውን ቅዳሴ ቀደስን። ሲነሡም ሲቀመጡም ክንዳቸውን ያዝኩ። ሕዝቡ እልል ሲል ጆሮዬ ሥር «አየህ፣ አልዘጋነውም» አሉኝ።

ከዚያ ወዲያ ግን በእግራቸው አልቆሙም። ጉልበታቸው አብጦ ቀረ፤ ቀጥሎ ትንፋሻቸው ከበደ። ልጠይቃቸው ስገባ ሁልጊዜ የምንነጋገረው ስለ ሌላ ነገር ነበር። አንድ ቀን ግን «ያ ነገር አለህ?» አሉኝ። ምን እንደሆነ አልገባኝም። «የሰገድኩለት ነገር። እስኪ ምን እንደሚመስል ልቅመሰው» አሉ።

ከከረጢትህ የተረፈ ነበረኝ። ወረቀቱን ፈትቼ ሰጠኋቸው። ዓይናቸውን ጨፍነው በምላሳቸው ከወዲህ ወዲያ አመላለሱት። እኔ አንገቴን ደፍቼ ተቀምጬ ነበር፤ የሚሉኝን ሁሉ ልቀበል ተዘጋጅቼ። ሟሙቶ ሲያልቅ ዓይናቸውን ገለጡ።

«አይፈረድብህም» አሉኝ።

ቀጥለውም ውሃ አምጣልኝ አሉ። አመጣሁላቸው፤ ተጉመጠመጡና ተፉ። በአፋቸው አንዲት ጥርስ እንደሌለች ታውቃለህ። ለምን ብዬ ሳልጠይቃቸው «አፋችንን አብረን ነው የምንጠብቀው» አሉ። ወጥቼ አለቀስኩ።

ግንቦት ሰባት ቀን ዐረፉ። ከገራዶ ቄስ ደምመላሽ ለቀብሩ መጥተው ነበር። በምን እንደሞቱ ጠየቁኝ፤ ሳልደብቅ ሁሉን ነገርኳቸው። መቃብሩ አጠገብ ቆመው «የእሱንስ ስግደት ማን ይሰግድለታል?» አሉ። ለእኔ ይሁን ለራሳቸው ያሉት አልገባኝም። ባለፈው እሑድ ግን ገና ሳይነጋ ልንቀድስ ደጄን አንኳኩ፤ ደወሉን ያስደወሉት እሳቸው ናቸው።

ከእንግዲህ ከረሜላ ልላክ ወይስ ልተው ላልከው፣ ጠላሁት ብዬ ብጽፍልህ ውሸት ነው። ላክልኝ፤ ጥቂት ብቻ። ከራቴ ጋር እበላዋለሁ፤ ሰዓቱ ሳይዘጋም አፌን አጥባለሁ። መምሬ እንየው አይፈረድብህም ብለውኛል፤ ከዚያ ወዲህ ሰው ሁሉ ሰምቷል። ማታ ማታ ደጅ ቆሜ ስፍቅ መቃብራቸው ከፊቴ ነው፤ እሳቸው ያልፈረዱብኝን ያን ጊዜ እኔ በራሴ እፈርዳለሁ።

ወንድምህ ሞላልኝ